ከኪንታሮት እስከ ማኅፀን በር ነቀርሳ፤ የፕሮፌሰር ሃራልድ ጹር ሃውዘን የምርምር ዘመን



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳቸው ሰው የጦር መሪም የመንግሥት ባለ ሥልጣንም አልነበሩም። የዕድሜያቸውን ብዙውን ክፍል በቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ይዘው ያሳለፉ ጀርመናዊ ሐኪም ነበሩ። ጥያቄይቱም የሴቶች የማኅፀን በር ነቀርሳ ከምን ይመጣል የምትል ናት። ለዚች ጥያቄ መልስ በመገኘቱ ዛሬ በብዙ አገሮች የምትገኝ ልጃገረድ፣ በኢትዮጵያም ያለችው ሳትቀር፣ እናቷና አያቷ ያላገኙትን መከላከያ አግኝታለች። በንግግራችን ውስጥ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ እሳቸው ከመወለዳቸው ከዘጠና ዓመት በላይ አስቀድሞ የሚጀምር ነው። ሪጎኒ ስተርን የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም በቬሮና ከተማ ከ1760 እስከ 1839 የተጻፈውን የሟቾች መዝገብ እየገለጠ መረመረ፤ ያገኘውንም በ1842 አስታወቀ። ያገቡ ሴቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በማኅፀን ነቀርሳ ሲሞቱ መዝገቡ ያሳያል፤ በገዳም የሚኖሩት ደናግል ግን በዚህ ደዌ የሚሞቱት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሙ ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር፤ በዚያን ዘመን ማንም አያውቅም። ነገር ግን ደዌው ከትዳርና ከሩካቤ ጋር አንዳች ግንኙነት እንዳለው ቍጥሩ ራሱ ተናገረ። መዝገብ ቤት ተቀምጦ የልደትና የሞት ቅጽ መሙላት አሰልቺ ሥራ የሚመስለው ሠራተኛ ቢኖር፣ ስማቸው ያልተነገረላቸው የቬሮና ጸሐፊዎች የሠሩትን ቢያስብ መልካም ነው። እነሱ የሞቱን ምክንያት በጥንቃቄ ባይጽፉ ኖሮ ሐኪሙ የሚቈጥረው ነገር ባልኖረ ነበር።

ከሩካቤ ጋር የሚተላለፍ አንዳች ነገር ለነቀርሳው ምክንያት መሆኑ ከተጠረጠረ በኋላ፣ ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መቶ ዓመት የሚያልፍ ጊዜ ወሰደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙዎቹ ሊቃውንት ጣታቸውን የቀሰሩት ሄርፐስ በተባለው ቫይረስ በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነበረ። በሽተኞቹ ሴቶች ደም ውስጥ ለዚህ ቫይረስ የሚሰጠው የመከላከያ ምላሽ ከሌሎቹ ሴቶች ይልቅ በዝቶ ስለ ተገኘ ጥርጣሬው ከዕለት ወደ ዕለት ወደ እምነት ተለወጠ። አንድ ሰው በወንጀል ስፍራ አጠገብ ስለ ታየ ብቻ ወንጀለኛ ነው እንደማይባል የፍርድ ቤት ሰዎች ያውቁታል። ሳይንስም ይህን ማወቅ ይገባው ነበር።

ሃራልድ ጹር ሃውዘን በመጋቢት ወር 1936 በጀርመን አገር ጌልዘንኪርሸን በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ተወለዱ። ከተማይቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ የተመታች ናት፤ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉም ልጅነታቸው በተቈራረጠ ትምህርት አለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርታቸውን ጨርሰው በቦን፣ በሐምቡርግና በዲሰልዶርፍ ሕክምና ተማሩ፤ በ1960 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ሐሳባቸው ግን ከመጀመሪያው ወደ ምርምር ያዘነበለ ነበረና በዲሰልዶርፍ በረቂቅ ተሐዋስያን ጥናት ተቋም ጥቂት ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል በቬርነርና በጌርትሩድ ሄንለ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ።

ባልና ሚስቱ ሄንለዎች በዚያን ጊዜ ይመረምሩት የነበረው ከአፍሪካ የመጣ ጉዳይ ነበረ። ዴኒስ ቡርኪት የተባለ አየርላንዳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በኡጋንዳ ሲሠራ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ነቀርሳ አይቶ በ1958 ጽፎ ነበር። በ1964 ደግሞ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በለንደን ከዚያ እብጠት ውስጥ አዲስ ቫይረስ አገኙ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ሆነ፤ ቫይረሱ የነቀርሳው ምክንያት ነው ወይስ እንደ መንገደኛ እብጠቱ ውስጥ ያደረ እንግዳ ነው? አንዳንዱ የነቀርሳ ሕዋስ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ምንም ቫይረስ የለበትም። ቫይረሱ ምክንያት ከሆነ ታዲያ የት ሄደ?

የጹር ሃውዘን ትልቁ ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ አካሉ ባይታይም ትእዛዙ የተጻፈበት ሰነድ፣ ማለት ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘር መልእክት፣ በነቀርሳው ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል ብለው አሰቡ። ሹም ከመሥሪያ ቤቱ ሲነሣ የፈረመው ደብዳቤ ከመዝገብ ውስጥ እንደሚቀር ማለት ነው። ወደ ጀርመን ተመልሰው በቪርጽቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ይህን በሙከራ አረጋገጡ፤ በ1970 ምንም ቫይረስ በማይታይበት የቡርኪት ነቀርሳ ሕዋስ ውስጥ የቫይረሱን ዲ ኤን ኤ ማግኘታቸውን አሳተሙ።

ይህ ሙከራ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ በዚሁ ላይ የቆመ ነውና። ዲ ኤን ኤ ሁለት ረጃጅም ክሮች ተጠማዝረው የሚሠሩት ነው። አንዱ ክር ከሌላው ጋር እንደ ቁልፍና እንደ ጓጕንቸር ይገጥማል። በሙቀት ሲለያዩ እያንዳንዱ ክር የሚገጥመውን ባልንጀራውን ይፈልጋል። እንግዲህ ተመራማሪው የታወቀውን የቫይረስ ክር በጨረር አመንጪ ነገር ምልክት አድርጎ ከነቀርሳው ዲ ኤን ኤ ጋር ያገናኘዋል፤ ከተጣበቀ የቫይረሱ ሰነድ በዚያ አለ ማለት ነው፤ ካልተጣበቀ ግን የለም። ሙቀቱንና ጨውን በማላላት ደግሞ ፍጹም የሚገጥመውን ብቻ ሳይሆን የሚመሳሰለውን ዘመድ ጭምር መያዝ ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አድማጭ በልቡ ይያዝልን።

በ1972 በኤርላንገን ኑርንበርግ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር ሲሰጣቸው ፊታቸውን ወደ ማኅፀን በር ነቀርሳ መለሱ። የመጀመሪያው ሥራቸው ሁሉም የሚያምነውን መፈተን ነበር። የሄርፐስን ክር ይዘው ከብዙ በሽተኞች በተወሰደ የነቀርሳ ቍራጭ ላይ ሞከሩ። ምንም አልተጣበቀም። ደገሙት፤ አሁንም ምንም የለም።

በ1974 በፍሎሪዳ በኪ ቢስኬይን በተደረገው ጉባኤ ይህን ውጤታቸውን አቀረቡ። በዚያው ጉባኤ አንድ የቺካጎ ተመራማሪ በአንድ የነቀርሳ ቍራጭ ውስጥ የሄርፐስን ዲ ኤን ኤ ከፊሉን አገኘሁ ብሎ ተናግሮ ነበርና፣ ወጣቱ ጀርመናዊ በብዙ ቍራጭ ላይ አጣሁት ማለቱን ጉባኤው በቀዝቃዛ ፊት ተቀበለው። የጹር ሃውዘን ዘዴ ጥቂቱን ዲ ኤን ኤ ለመያዝ ስለማይበቃ ነው የሚል ግምት በጉባኤው አየር ውስጥ ነበረ። ኋላ በሕይወታቸው ሁሉ ከደረሰባቸው የጉባኤ አቀባበል ይህን የመሰለ መራራ አልነበረም ብለው ሲያስታውሱት ኖረዋል። በእኛ አስተያየት ግን የምርምር ዘመናቸው ከፍተኛው ቀን ኖቤል የተቀበሉበት ሳይሆን ይህ ነው። የለም ማለት፣ ሁሉም አለ በሚልበት ጉባኤ፣ አለ ከማለት ይልቅ የሚከብድ ነውና።

ሄርፐስ ካልሆነ ታዲያ ማነው? ጹር ሃውዘን የጠረጠሩት ማንም እንደ ቁም ነገር የማይቈጥረውን ኪንታሮትን ነው። እዚህ ላይ ኪንታሮት ስንል በእጅና በእግር በአባለ ዘርም ላይ የሚወጣውን የቆዳ እባጭ ማለታችን እንጂ በተለምዶ በዚሁ ስም የሚጠራውን የፊንጢጣ ደዌ አይደለም፤ ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ስም ስለ ሰጠ መለየቱ ይገባል። ሪቻርድ ሾፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1933 የዱር ጥንቸል ኪንታሮት በቫይረስ እንደሚመጣ አሳይቶ ነበር፤ ያም ኪንታሮት አንዳንድ ጊዜ ወደ ነቀርሳ ይለወጣል። ጹር ሃውዘንም የሰው የአባለ ዘር ኪንታሮት አልፎ አልፎ ወደ ነቀርሳ መለወጡን የሚያስረዱ አሮጌ የሐኪሞች ጽሑፎችን አገኙ። በ1976 ፓፒሎማ የሚባለው የኪንታሮት ቫይረስ ለማኅፀን በር ነቀርሳ ምክንያት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳባቸውን በጽሑፍ አወጡ።

ሐሳቡን መጻፍ ቀላል ነበር። ማስረዳቱ ግን ሰባት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያው ችግር ይህ ቫይረስ እንደ ሌሎቹ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ አለመራባቱ ነው። ስለዚህ ምርምሩ የሚቆመው ከሰው ላይ በሚገኝ ኪንታሮት ብቻ ሆነ፤ ኪንታሮት ከየሐኪሙ እየተለመነ ይሰበሰብ ጀመር። ሁለተኛው ችግር ያልታሰበ ነበር። ከእግር ኪንታሮት የወጣው የቫይረስ ክር ከአባለ ዘር ኪንታሮት ጋር አልገጥም አለ። የኪንታሮት ቫይረስ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ይህንን በፈረንሳይ ጌራር ኦርትና ባልደረቦቹም በበኩላቸው ደርሰውበት ነበር። ዛሬ የሚታወቁት ዓይነቶች ከ200 በላይ ናቸው።

በ1977 ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ባልደረቦቻቸውም ተከትለዋቸው ሄዱ። ከነዚህ መካከል ሉትስ ጊስማንና ከደቡብ አፍሪካ የመጣችው ኤቴል ሚሼል ደ ቪሊየርስ ይገኛሉ፤ ይህች ተመራማሪ ኋላ የፕሮፌሰሩ ባለቤት ሆናለች። ከአባለ ዘር ኪንታሮት ውስጥ ስድስተኛ ቍጥር የተሰጠው ዓይነት ተገኘ፤ በነቀርሳው ላይ ሲሞከር ግን አልተጣበቀም። ልብ የሚሰብር ነገር ነበር። ቀጥሎ ከጕሮሮ እባጭ ዐሥራ አንደኛው ዓይነት ወጣ። ይህም በፍጹም አልገጠመም፤ ነገር ግን ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው የሙከራው ሁኔታ ሲላላ በአንዳንድ የነቀርሳ ቍራጭ ላይ ደብዘዝ ያለ ምልክት ታየ። ወንጀለኛው ራሱ አልተያዘም፤ የዘመዱ መልክ ግን ታየ። በዚያች ደብዛዛ ምልክት ተመርተው ማትያስ ዲርስትና ጓደኞቹ በ1983 ዐሥራ ስድስተኛውን ዓይነት አወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በሚኻኤል ቦሽሃርት ሥራ ዐሥራ ስምንተኛው ተከተለ።

በ1983 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። ከጀርመን ሴቶች ከተወሰዱት 18 የነቀርሳ ቍራጮች በ11ዱ፣ ከኬንያና ከብራዚል ከመጡት 23 ቍራጮች ደግሞ በ8ቱ ዐሥራ ስድስተኛው ዓይነት ተገኝቷል። ይህን ስንናገር ስለ ኬንያይቱ ሴት አንድ ቃል መጨመር እንወዳለን። ስሟ በጽሑፉ ላይ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ያ የዓለም ግኝት የተመሠረተው በአውሮፓውያት ሴቶች ብቻ ሳይሆን ለሕክምና ዘግይተው በደረሱ የጎረቤቶቻችን እናቶች ሥጋ ጭምር ነው። የዓለም ሕክምና ለአፍሪካ ሴት ዕዳ አለበት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሌላም ዕዳ አለ። በ1951 በባልቲሞር ከተማ ሄንሪየታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ31 ዓመቷ በማኅፀን በር ነቀርሳ ሞተች። ሐኪሞቹ ፈቃዷን ሳይጠይቁ ከእብጠቷ የወሰዱት ሕዋስ በብርጭቆ ውስጥ ሳይሞት እየተራባ ሄላ በሚል ስም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ተዳረሰ። የጹር ሃውዘን ቡድን ይህን ሕዋስ ሲመረምር ዐሥራ ስምንተኛው ዓይነት ከውስጡ ተገኘ። ሴቲቱን የገደላት ቫይረስ ሰነዱ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ በሕዋሷ ውስጥ ይነበብ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች፣ ዐሥራ ስድስተኛውና ዐሥራ ስምንተኛው፣ በመላው ዓለም ከሚታየው የማኅፀን በር ነቀርሳ ወደ 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያት መሆናቸው ኋላ ታወቀ። ጹር ሃውዘን ያወጡትን ክር በቁልፍ አልዘጉበትም፤ ለጠየቃቸው ተመራማሪ ሁሉ በነጻ ላኩለት። በዚህም ምክንያት ምርምሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአንድ ከተማ ወጥቶ የዓለም ሥራ ሆነ። በ1985 ኤሊዛቤት ሽቫርጽና ጓደኞቿ በነቀርሳው ሕዋስ ውስጥ ከቫይረሱ ሰነድ ሁልጊዜ የሚነበቡት ኢ6ና ኢ7 የተባሉ ሁለት ምዕራፎች መሆናቸውን አሳዩ። ቀጥሎም በአሜሪካ የተደረገው ምርምር የሁለቱን ተግባር ገለጠ። በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለ ልክ መራባትን የሚከለክሉ ሁለት ዘበኞች አሉ፤ አንዱ ፒ53፣ ሁለተኛው አር ቢ ይባላል። ኢ6 የመጀመሪያውን ያስወግደዋል፤ ኢ7 ሁለተኛውን ሥራ ያስፈታዋል። ዘበኞቹ በሌሉበት ቤት ሕዋሱ እንደ ፈቀደ ይራባል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ የገባባት ሴት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ የቀረው ነው ከዐሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ነቀርሳ የሚያደርስ።

እዚህ ላይ ከንግግራችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር እንናገራለን። ደዌው በሩካቤ በሚተላለፍ ቫይረስ ይመጣል መባሉን ሰምቶ በበሽተኛይቱ ላይ ጣቱን የሚቀስር ሰው አይጠፋም። ይህ ትልቅ ድንቍርና ነው። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ ትዳር የያዙ ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ በአንድ ባል ጸንታ የኖረችም ሴት ልትታመም ትችላለች። ኀፍረት ሴቶችን ከሐኪም ቤት ያስቀራል፤ ከሐኪም ቤት መቅረት ደግሞ መግደሉ የታወቀ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጹር ሃውዘን ቫይረሱ እንደ ተገኘ ወዲያው ያሰቡት ክትባትን ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለአንድ የጀርመን መድኃኒት ፋብሪካ ሐሳባቸውን አቀረቡ። ፋብሪካው የገበያ ጥናት አስደረገ፤ ጥናቱም እንዲህ ያለው ክትባት ገበያ እንደሌለው አስረዳ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ። በየመሥሪያ ቤታችን በእንዲህ ያለ ጥናት ተደግፎ የሚዘጋ መዝገብ ስንት እንደ ሆነ አድማጭ ያውቃል። ልዩነቱ በዚህ መዝገብ ውስጥ የሰው ሕይወት መኖሩ ነው። ክትባቱ በመጨረሻ የመጣው ከሌላ ወገን ነበር። በ1991 በአውስትራልያ በብሪዝበን ከተማ ዦው ጂያን የተባለው ቻይናዊና ኢያን ፍሬዘር የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ፣ ከቫይረሱ ቅርፊት ብቻ የተሠራ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ሠሩ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ዳግላስ ሎዊና ጆን ሺለርም ይህንኑ መንገድ አቃኑት። ቅርፊቱ ባዶ ስለ ሆነ ሊያሳምም አይችልም፤ ሰውነት ግን ጠላቱን ከልብሱ ለይቶ እንዲያውቅ ያስተምረዋል። የመጀመሪያው ክትባት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2006 ነው። የቻይናዊው ሊቅ ዕድሜ ግን ለዚህ ቀን አልበቃም፤ በ1999 አርፎ ነበር።

ጹር ሃውዘን ከ1983 እስከ 2003 በሃይደልበርግ የሚገኘውን የጀርመን የነቀርሳ ምርምር ማዕከል መሩ። በ1995 ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ሁለቱን የቫይረስ ዓይነቶች በሰው ላይ ነቀርሳ የሚያመጡ ናቸው ብሎ በይፋ መዘገበ። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ከየአገሩ ከተሰበሰበው የማኅፀን በር ነቀርሳ በ99.7 በመቶው ቫይረሱ መኖሩን አሳየ። በ2008 የኖቤል የሕክምና ሽልማት እኩሌታ ለእሳቸው ተሰጠ፤ የቀረውን እኩሌታ የኤድስን ቫይረስ ያገኙት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኒዬ ተካፈሉት። ከኪ ቢስኬይን ጉባኤ እስከ ስቶክሆልም 34 ዓመት መሆኑ ነው።

ክትባቱ ምን እንዳደረገ ለማየት ስዊድንን መመልከት ይበቃል። በ2020 በታተመ ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ሴቶች በማኅፀን በር ነቀርሳ የመያዛቸው ነገር ካልተከተቡት ይልቅ በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በአፍሪካ ሩዋንዳ በ2011 ቀድማ በመላ አገሯ መከተብ ጀመረች። ኢትዮጵያም በ2018 መጨረሻ፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ2011፣ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች መከተብ ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ መከተብም ለልጃገረዶች ሊበቃ እንደሚችል ስላስታወቀ ወጪውም ድካሙም ተቃሏል።

ይሁን እንጂ በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 660 ሺሕ ያህል ሴቶች በዚህ ደዌ ሲያዙ 350 ሺሕ ያህሉ ሞተዋል፤ ከሞቱትም አብዛኞቹ በድኾች አገሮች ያሉ ናቸው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዘው ነቀርሳ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው። ክትባቱ የሚጠብቀው ገና ልጃገረድ ሳለች የደረሰላትን ነው። ለእናቷ የሚያስፈልጋት ምርመራ ነው፤ ምርመራውም በብዙ ጤና ጣቢያ የሚደረግ፣ የኮምጣጤን አሲድ በማኅፀን በር ላይ በመቀባት ነጭ ምልክት መታየቱን የሚያይ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነገር ነው። ነቀርሳው ሳይጀምር የተገኘ ቍስል በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ዕቅድ በ2030 ከልጃገረዶች 90 በመቶው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ደዌው ከተገኘባቸውም 90 በመቶው እንዲታከሙ ወስኗል።

ፕሮፌሰሩ በእርጅናቸው ዘመን ሳይቀር ክትባቱ ለወንዶች ልጆችም እንዲሰጥ ሲከራከሩ ኖሩ፤ ቫይረሱን ከሴት ወደ ሴት የሚያሻግረው ወንድ ነውና ሴቶችን ብቻ መከተብ የሥራውን እኩሌታ መሥራት ነው ይሉ ነበር። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ደግሞ የከብት ሥጋና ወተት ከአንዳንድ ነቀርሳ ጋር ግንኙነት ይኖረው እንደ ሆነ የሚመረምር አዲስ ሥራ ጀምረው ነበር። ይህም ሐሳባቸው እንደ ቀድሞው ብዙ ተጠራጣሪ ነበረው፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። በ2023 በግንቦት ወር በ87 ዓመታቸው አረፉ።